ለልጅ አስፈሪ ተረት እንዴት ይነገራል? ፈርቶ፣ ተደስቶ፣ ደህና እንዲተኛ

"ልጄ የሚያስፈራ ተረት ካልነገርሽኝ ብላ ትወተውተኛለች። ስነግራት ደግሞ ሌሊቱን አብሬሽ ካልተኛሁ ትላለች። ምን ይሻለኛል?" ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዴ ከእናት፣ አንዴ ከአጎት፣ አንዴ ከመዋዕለ ሕፃናት መምህር። ሰዉ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ልጅ ተረት ውስጥ መፍራት ይወዳል። እንቅልፍ የሚነሳው ከተረቱ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ልጁን ወደ ፍርሃቱ ስለማስገባትና መልሶ ስለማውጣት ነው። ማስገባቱ ቀላል ነው፣ ማንም ይችላል። ሥራው ያለው ማውጣቱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ራሱ "ንገሩኝ" ብሎ የጠየቀ ልጅ። ካልጠየቀ አትጀምሩ።
- ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት የሚሆን ጊዜ። ተረቱ ራሱ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ ቀሪው ለመግቢያና ለማረጋጊያ ነው።
- ደብዘዝ ያለ፣ ግን የማይጠፋ መብራት።
- ከልጁ ዓይን ጋር እኩል የሚያደርጋችሁ መቀመጫ። ቁልቁል እያያችሁት ካወራችሁ ከጭራቁ በፊት እናንተ ታስፈሩታላችሁ።
- ልጁ በእጁ የሚጨብጠው ትንሽ ነገር፤ ጠጠር፣ ቁልፍ፣ አሻንጉሊት፣ የፈለገው።
- ወረቀትና እርሳስ፣ ለኋላ።

ስልካችሁ ሌላ ክፍል ይሁን። ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ከጮኸ የሠራችሁት ሁሉ ገደል ይገባል።

ደረጃ 1፦ ልጁ ሰሞኑን ምን ላይ እንዳለ እወቁ

ዕድሜ መነሻ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፈሪ ተረት አይነገርም፤ በእውነትና በምናብ መካከል ያለውን ድንበር ገና አያውቀውም። ለእሱ ፊትን በእጅ ሸፍኖ ድንገት መግለጥ ይበቃዋል። ያም ቢሆን ትንሽ ስጋትና ትልቅ እፎይታ አለበት።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ጨለማ፣ ጭራቅና ትልልቅ እንስሳ ያስፈራቸዋል። ለነሱ ጭራቁ ትንሽ ሞኝ ይሁን፣ ተረቱም ከ3 ደቂቃ አይለፍ። ከ6 እስከ 8 ያሉት ደግሞ ጭራቅ እንደሌለ እያወቁ ይመጣሉ፤ አሁን የሚያስፈራቸው እውነት ሊሆን የሚችለው ነው። ሌባ፣ እሳት፣ መጥፋት፣ የእናትና የአባት ሞት። ትልቅ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ "አድጓል፣ እውነተኛ የሚመስል ልንገረው" ይላል። አትንገሩት። ጭራቁ ይሻላል፤ ጭራቅን በር ዘግቶ ማስቀረት ይቻላል። ከ9 ዓመት በላይ ያሉት ረዘም ያለና ውስብስብ ተረት ይችላሉ፣ ይፈልጋሉም።

ከዕድሜው ይልቅ ግን የሰሞኑ ሁኔታ ይበልጣል። ቤት ቀይራችኋል? ዘመድ ታሟል ወይም ሞቷል? ልጁ ትምህርት ቤት ላይ የሚያስጨንቀው ነገር አለ? ካለ ተረቱ ያንን ነገር በሩቁም ቢሆን አይንካ። ምክንያቱም ተረት የሚያስደስተው ልጁ "ይሄ እኔ ጋ አይደርስም" ሲል ነው። እውነተኛው ስጋት ተረቱ ውስጥ ከገባ ያ ርቀት ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ምረጡ

ከመኝታ በፊት ቢያንስ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። አልጋ ላይ አስተኝታችሁ፣ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ የምትነግሩት አስፈሪ ተረት ነው ሌሊቱን የሚያበላሸው።

ለምን? ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ተረት መሆኑን ቢያውቅም ሰውነቱ እንደዚያው ያደርጋል። ይህ እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይበርድ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ከተዋችሁት እናንተ ያቆማችሁትን ተረት እሱ ይቀጥለዋል። የሱ ቀጣይ ክፍል ደግሞ መጨረሻ የለውም።

ደረጃ 3፦ አጽሙን በአምስት መስመር አዘጋጁ

በደመ ነፍስ አትጀምሩ። ሰው ሳይዘጋጅ ሲጀምር ማስፈራቱ ይቀናዋል፣ መጨረሻው ላይ ግን ይጨንቀዋል፤ ከዚያ "በቃ ሸሸ፣ አለቀ" ብሎ ይዘጋዋል። ልጁ አይሸወድም። አምስቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፤ ምሳሌውን እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

ሀ) ማን፣ የት፦ አንድ ልጅ ከወንዝ ማዶ መሽቶበት ወደ ቤቱ ይመለሳል።
ለ) የመጀመሪያው ምልክት፦ ከኋላው ኮቴ ይሰማል።
ሐ) ይብስበታል፦ ሲቆም ይቆማል፣ ሲሮጥ ይሮጣል፣ ሲዞር ማንም የለም።
መ) ዘዴው፦ ልጁ ጀርባውን ትልቅ ቋጥኝ ላይ አስደግፎ ቁጭ ይላል። አሁን ከኋላው ቦታ የለም።
ሠ) መመለሻው፦ ነገርዬው መቆሚያ አጥቶ ይለማመጣል፤ ልጁም "እንግዲያው ከፊቴ ቅደም" ይለዋል። ከፊት መሄድ አያውቅበትም። ወደ ወንዙ ፈርጥጦ ይጠፋል። ልጁ ቤቱ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት "መ" እና "ሠ"ን ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንዴ በሏቸው። የመካከለኛውን ክፍል በአፋችሁ እየፈጠራችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ መጨረሻውን ግን በቃል እወቁት።

ደረጃ 4፦ ለሚያስፈራው ነገር ሕግ ስጡት

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። የሚያስፈራው ነገር የማይችለው አንድ ነገር ይኑር። ከላይ ያለው ከኋላ እንጂ ከፊት መሄድ አይችልም። ሌላው ውሃ መሻገር አይችል ይሆናል፣ ሌላው ከ3 በላይ መቁጠር አይችል ይሆናል፣ ሌላው ስሙን የጠራውን መንካት አይችል ይሆናል።

ሁሉን የሚችል ጭራቅ አይሸነፍም። ልጅ ሲያዳምጥ ጭንቅላቱ ሥራ ላይ ነው፤ "እኔ ብሆን እንዴት አመልጣለሁ?" እያለ መውጫ ይፈልጋል። ሕግ ካለ ያገኘዋል። ከሌለ ፍለጋው አልጋው ላይም ይቀጥላል።

ሕጉን ቀድማችሁ ፍንጭ አድርጉት እንጂ አትናገሩት። "ልጁ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ኮቴውን ከፊቱ ሰምቶት አያውቅም" ማለት በቂ ነው። እንደዚህ ስትሉ አንዳንዱ ልጅ እዚያው ላይ ዓይኑ ይበራል።

ደረጃ 5፦ ፍሬን ስጡት

ከመጀመራችሁ በፊት እንዲህ በሉት፦ "በጣም ከፈራህ ይቺን ጠጠር ጉልበቴ ላይ አስቀምጣት። ወዲያው አቀዘቅዘዋለሁ።" ብዙ ልጅ አይጠቀምበትም። ግን መኖሩን ማወቁ ብቻ ብዙ ርቀት ያስኬደዋል፤ ማቆም የሚችል ሰው ድፍረት አለው። ከተጠቀመበት ያለ ክርክርና ያለ ሳቅ ወዲያው አክብሩለት። አንዴ ችላ ካላችሁት ሁለተኛ አያምናችሁም።

ደረጃ 6፦ በሩን ከፍታችሁ ግቡ

"ተረት ተረት" በሉ፣ ልጁም የሚመልሰውን ይመልስ። ወይም የራሳችሁን መግቢያ ፍጠሩ፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ልጁ ከዚህ ቃል በኋላ ያለው ሁሉ ተረት መሆኑን ይይዛል፣ ስታበቁም የመዝጊያውን ቃል ይጠብቃል። መግቢያ የሌለው አስፈሪ ወሬ፣ ለምሳሌ ምሳ እየተበላ "ትናንት ማታ ምን ሰማሁ መሰለህ" ብሎ የተጀመረ፣ መውጫም የለውም።

ደረጃ 7፦ በድምፅ እንጂ በጩኸት አታስፈሩ

ወደ አስፈሪው ቦታ ስትቃረቡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ፍጥነታችሁንም ቀንሱ። ልጁ ለመስማት ይጠጋል፣ ሲጠጋ ትኩረቱ ይሰበሰባል። ከዚያ ዝም በሉ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። "ቆመ..." ብላችሁ ዝም ስትሉ ልጁ ኮቴውን በራሱ ጆሮ ይሰማዋል፤ ከናንተ የሚበልጥ ተራኪ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። ጠረጴዛ በጣት ኳ፣ ኳ ማድረግም ይሠራል።

ዘሎ መያዝ፣ "ቧ!" ብሎ መጮኽ የተረት ሥራ አይደለም። ያ ድንጋጤ ነው። ድንጋጤ ልጁን ከተረቱ አውጥቶ ከናንተ እንዲጠነቀቅ ያደርገዋል፣ የቀረውን ተረት አንድ ዓይኑን እናንተ ላይ አድርጎ ነው የሚሰማው።

ስለ መልክ ደግሞ አንድ ነገር። "የማይታይ ጭራቅ ይበልጣል፣ አትግለጹት" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለ9 ዓመት ልጅ እውነት ነው። ለ4 ዓመት ልጅ ግን በተቃራኒው ነው፤ ያልታየው ነገር ምንም ሊሆን ስለሚችል ማብቂያ ያጣል። ለትንንሾቹ ቶሎ አሳዩት፤ "ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ አጭር፣ ሲሄድ የሚደናቀፍ" በሉት።

ደረጃ 8፦ ልጁን እያያችሁ ንገሩ

ዓይናችሁ ከልጁ ፊት አይነሳ። ደህና የሆነ ፍርሃት እንዲህ ነው፦ ይጠጋል፣ ፊቱን ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል ያያል፣ ይስቃል፣ "ከዛስ?" ይላል፣ ጭራቁን ይመክራል፣ ይሰድበዋል።

ከልክ ያለፈው ደግሞ ጸጥ ያለ ነው፣ ለዚህ ነው የሚያመልጠን። ልጁ ይደርቃል። ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ጥያቄ ያቆማል፣ ጡጫው ይጨበጣል፣ በሩን ደጋግሞ ያያል፣ ድንገት ሽንት ቤት ልሂድ ይላል። "ዝም ብሎ እየሰማ ነው፣ ወዶታል" ብላችሁ አትለፉት።

ይህን ስታዩ ተረቱን መሃል ላይ አትቁረጡት። አቀዝቅዙት እንጂ። በሚከተሉት መንገዶች ይቻላል፦

- ድምፃችሁን ወደ ወትሮው መልሱ፣ መብራቱን ትንሽ ጨምሩ።
- ጭራቁን የሚያስቅ አድርጉት፤ ያስነጥሰው፣ ይደናቀፍ፣ መንገድ ይጥፋው።
- "ልጁ በኋላ ቤቱ ሆኖ ይህን ሲያወራ በጣም ይስቅ ነበር" በሉ። መዳኑን አስቀድማችሁ መናገራችሁ ነው። ለትልልቆቹ ጣዕሙን ይቀንሳል፣ ለተጨነቀ ልጅ ግን መድኃኒት ነው።

ጨርሶ "በቃ አልፈልግም" ካለ አክብሩት። ግን መጨረሻውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ "እሺ፣ እናቆማለን። ልጁ ዳነ፣ ነገርዬው ወንዝ ገባ፣ አለቀ።" ያልተቋጨ ተረት ጭንቅላት ውስጥ እንደተከፈተ ይቀራል።

ደረጃ 9፦ ዘዴውን ልጁ ያግኘው

"መ" ላይ ስትደርሱ ቁሙና ጠይቁ፦ "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" መልሱ ከናንተ እቅድ ጋር ላይገጥም ይችላል። "ጫማዬን እወረውርበታለሁ" ካለ ጫማው ይወርወር፣ ይሥራም። እቅዳችሁን ለማዳን ብላችሁ "አይ፣ እንደዛ አይደለም" አትበሉ። ተረት ልጅ ላይ ጉልበት የሚኖረው እዚህ ጋ ነው፤ እስከ አሁን የፈራው ነገር ላይ እሱ ራሱ አንድ ነገር አደረገ።

ዝም ካለ ሁለት ምርጫ ስጡት። "ይሩጥ ወይስ ይቀመጥ?" አሁንም ዝም ካለ እናንተው ቀጥሉ፤ ፈተና አታድርጉበት።

ደረጃ 10፦ ቤት አድርሱትና በሩን ዝጉ

ጭራቁ ተሸነፈ ማለት ተረቱ አለቀ ማለት አይደለም። ጀግናው ቤቱ መድረስ አለበት። አሁን ተረቱን አዝግሙት። እጁን ታጠበ፣ እሳቱ ዳር ተቀመጠ፣ እግሩ ሞቀ፣ የሰው ድምፅ ሰማ። ለአድማጩም ሰውነት ማረፊያ የሚሰጡት እነዚህ ተራ ነገሮች ናቸው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ስጧቸው። ከዚያ የመዝጊያ ቃላችሁን ተናገሩ፣ መብራቱን አብሩ።

"...እስከ ዛሬ ድረስ ያ ኮቴ ይሰማል ይባላል" የሚል መጨረሻ ለትልቅ ሰው ያምራል። ለልጅ አትጠቀሙበት። የዘጋችሁትን በር መልሳችሁ መክፈት ነው።

ደረጃ 11፦ ማረጋጊያ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ከዚያ "ልጄ አልተኛ አለኝ" ይላል። በቅደም ተከተል፦

መጀመሪያ ሰውነቱን። ይነሳ፣ ይዝለል፣ ውሃ ይጠጣ። ከዚያ አብራችሁ ትንፋሻችሁን በረጅሙ አውጡ፤ ሻማ እንደምታጠፉ ቀስ ብላችሁ፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ትንፋሽ በረጅሙ ሲወጣ የልብ ምት ይረጋጋል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ስጡት። ጭራቁን ይሳለው፣ ከዚያ የፈለገውን ያድርግበት፤ ቀሚስ ያልብሰው፣ ጢም ያውጣለት፣ ቀዶ ይጣለው። ወረቀት ላይ የዋለ ጭራቅ መጠን አለው፣ ጠርዝ አለው።

መጨረሻ ላይ ምንም የማያስፈራ ነገር፤ ስለ ነገ ማውራት፣ መዝሙር፣ የሚያስቅ አጭር ተረት። የመጨረሻው የሰማው ነገር ወደ እንቅልፍ ይዞት የሚሄደው ነው።

ደረጃ 12፦ በማግስቱ እሱ ይንገራችሁ

በቀን ብርሃን "ያቺን ተረት እስኪ ንገረኝ" በሉት። አፉ ቢተሳሰርበት አትረዱት፣ ታገሱት። የሚያዳምጥ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም፤ የሚናገር ልጅ ግን መቼ እንደሚያስፈራ፣ መቼ እንደሚያቆም እሱ ነው የሚወስነው። ተረቱን ለታናሹ ወይም ለአያቱ ሲናገርና እነሱ ሲፈሩለት ደግሞ እዩት። እኔ ከዚህ የበለጠ የልጅ ፊት ሲያበራ አላየሁም።

ሌሊት ቢነቃስ?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ አያያዛቸውም ለየቅል ነው።

ቅዠት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ልጁ ይነቃል፣ ያውቃችኋል፣ ያየውንም ያስታውሳል። አጠገቡ ተቀመጡ፣ በአጭር ቃል አረጋጉት፣ እዚያው አልጋው ላይ መልሳችሁ አስተኙት። ሌሊት ላይ ዝርዝር አትጠይቁ። ቀን ላይ ግን ሕልሙን ይንገራችሁና መጨረሻውን አብራችሁ ቀይሩት፤ አዲሱን መጨረሻ ጥቂት ቀን ይደጋግመው።

ሁለተኛው የሌሊት ሽብር የሚባለው ነው። ከተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ከከባድ እንቅልፍ ውስጥ ይመጣል። ልጁ ዓይኑ ተከፍቶ ይጮኻል፣ ያልበዋል፣ ግን አያውቃችሁም። ነቅቶ አይደለም። ለማንቃት አትታገሉት፤ እንዳይወድቅና እንዳይጋጭ ጠብቁት። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ጠዋት አያስታውሰውም። ስለሱም አታስታውሱት፣ ያሳፍረዋል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

*ተረትን ማስፈራሪያ ማድረግ።* "ካልበላህ ያ ከኋላ የሚሄደው ይመጣል።" ይህን ካላችሁ ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ጭራቁ ከተረቱ ወጥቶ ቤት ገባ፤ ያስገባችሁትም እናንተ ናችሁ፣ ልጁ ሲፈራ ሸሽቶ የሚጠጋችሁ ሰዎች። ሁለቱን ማቀላቀል ይጎዳል፣ ይህን ሳልሸሽግ ነው የምናገረው። ትእዛዝ ካላችሁ በቀጥታ እዘዙ፣ ጭራቁን ተዉት።

*"እውነት ነው፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ" ማለት።* ልጁ "እውነት ነው?" ካላችሁ መልሱ ሁልጊዜ "አይደለም፣ ተረት ነው" ነው። ተረቱ አይበላሽም።

*በፍርሃቱ መሳቅ።* "ወንድ ልጅ አይፈራም" የተባለ ልጅ መፍራቱን አያቆምም፤ መናገሩን ነው የሚያቆመው። ከዚያ ደረጃ 8 ላይ ያልኳችሁን ምልክት ማንበብ ይከብዳችኋል።

*በየማታው አልጋ ሥር ጭራቅ መፈለግ።* አንዴ፣ መብራት በርቶ፣ ልጁ መሪ ሆኖ ማየት ምንም አይደለም። በየቀኑ ከሆነ ግን "ሊኖር ይችላል" እያላችሁት ነው።

*የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን አንድ ላይ ማድረግ።* ሁልጊዜ በትንሹ ልክ ንገሩ። ትልቁ ከሰለቸው የኮቴውን ድምፅ እንዲያሰማ አድርጉት፤ ረዳት ተራኪ መሆን ያስደስተዋል።

ማስጠንቀቂያ

- ልጁ እውነተኛ ጥቃት፣ አደጋ ወይም ሞት ያየ ከሆነ አስፈሪ ተረት ይቅርበት። ይህ መመሪያ ለሱ አይደለም።
- ፍርሃቱ ለሳምንታት ከቆየ፣ ብቻውን መሆን ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ወይም ያቆመው አልጋ ማርጠብ ከተመለሰ ተረቱን አቁሙና የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሩ።
- ሌሊት ላይ ሰውነቱ ተገትሮ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ የሌሊት ሽብር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

መቼም ደግማችሁ እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ አንድ ልጨምር፦ "ያንኑ ተረት በየቀኑ ንገሪኝ ይለኛል፣ ልቀይርለት ወይ?" አትቀይሩ። ቃሉንም ቅደም ተከተሉንም ሳትነኩ ድገሙት። መጨረሻውን እያወቀ መፍራት ልምምዱ ነው፤ ሲጠግበው ራሱ "ሌላ ንገሪኝ" ይላል፣ ያኔ አዲስ አምስት መስመር ጻፉ።